«የሊንከን ፓርቲ ነን» ሲሉሽ

(ጋሼ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጠያቂዋ የእህታቸው ልጅ ናት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ እነዚህ ወግ አጥባቂ ተንታኞች አንጀቴን አሳረሩት። «ባሪያ ነፃ ያወጣው ሪፐብሊካን ነው፤ ጥቁርን የረገጠው ዴሞክራት ነው» ይላሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ደግሞልኝ አፌን አስያዘኝ።

ጋሼ፦ ምን ብለሽ መለስሽለት?

ልጅቷ፦ ውሸት ነው አልኩታ።

ጋሼ፦ የተረታሽው እዚያ ላይ ነው። እውነት ነዋ ልጄ! ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1854 የተመሠረተው ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ለመከላከል ነው። በ1870 የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሃይራም ሬቭልስ ከሚሲሲፒ ሲመረጡ ሪፐብሊካን ነበሩ። በኋላ ጥቁሩን በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና ከድምፅ መስጫ ያባረሩት የደቡብ ዴሞክራቶች ናቸው። ይህን ክደሽ ስትጀምሪ የቀረውን ማን ይሰማሻል?

ልጅቷ፦ የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግስ? እሱንም ይበልጥ የደገፉት ሪፐብሊካኖች ናቸው አለኝ።

ጋሼ፦ በመቶኛ ካሰብሽው ልክ ነው። በሴኔት ከዴሞክራቶቹ 46 ደገፉ፣ 21 ተቃወሙ፤ ከሪፐብሊካኖቹ 27 ደገፉ፣ 6 ተቃወሙ። የደቡብ ሴናተሮች ሕጉን በማያልቅ ንግግር ቀስፈው ሲይዙት፣ ያንን ለመስበር የረዱት የሪፐብሊካኑ መሪ ኤቨረት ዲርክሰን ናቸው። ምስጋናቸውን አትንፈጊያቸው። ግን ያንኑ ድምፅ በየመጡበት አገር ቁጠሪው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ሪፐብሊካኑን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የተዋጉት 11 የደቡብ ግዛቶች 22 ሴናተሮች ነበሯቸው። ስንቱ ደገፈ መሰለሽ? አንድ! የቴክሳሱ ራልፍ ያርቦሮ፣ ያውም ዴሞክራት። በደቡብ የነበረው ብቸኛ ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ታወር ተቃወመ።

ልጅቷ፦ ታዲያ የተለያዩት በፓርቲ ሳይሆን በደቡብና በሰሜን ነበራ?

ጋሼ፦ እሱን ነው የምልሽ። ቀጥለሽ «ያ የደቡብ ድምፅ ኋላ ወዴት ሄደ?» በይው። ሕጉን ከተቃወሙት 6 ሪፐብሊካኖች አንዱ ባሪ ጎልድዋተር ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። ያሸነፉት አገራቸውን አሪዞናንና አምስት የደቡብ ግዛቶችን ብቻ ነው። ሚሲሲፒን ተመልከቺ፦ በ1936 ለዴሞክራቱ ሩዝቬልት 97 በመቶ የሰጠች ግዛት፣ በ1964 ለሪፐብሊካኑ ጎልድዋተር 87 በመቶ ሰጠች። ያኔ እዚያ አብዛኛው ጥቁር መምረጥ አይችልም፤ ስለዚህ ይህ የነጩ ድምፅ ነው።

ልጅቷ፦ «ፓርቲ የቀየረው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ብቻ ነው» ቢለኝስ?

ጋሼ፦ ሕጉን ከተቃወሙት ዴሞክራት ሴናተሮች መካከል አዎ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው። የሚሲሲፒዎቹ ሴናተሮች ኢስትላንድም ስቴኒስም ዴሞክራት እንደሆኑ ነው የጨረሱት። የተዛወረው መራጩ ነው፤ እሱም ባንድ ጀንበር አይደለም፣ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ዘር ብቻ ነው ያዛወረው ብለሽም ድርቅ አትበዪ፤ ሃይማኖትም የኑሮ መለወጥም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ልጅቷ፦ ሪፐብሊካኖች በነጩ ቅሬታ ተጠቅመዋል ስለው ግን የግራ ክንፍ ፈጠራ ነው ይለኛል።

ጋሼ፦ እንግዲያው ኬን ሜልማንን ጥሪለት። በ2005 የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሳሉ፣ ሚልዋኪ ላይ የጥቁሮች መብት ተሟጋች በሆነው በኤንኤኤሲፒ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ከፓርቲያቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የዘር መከፋፈልን ለድምፅ እንደተጠቀሙበትና ይህም ስሕተት እንደነበር ተናግረዋል። ይህን ያሉት የራሱ ፓርቲ ሊቀመንበር ናቸው፤ ክርክር ካለው ከእሳቸው ጋር ይግጠም።