አለቃው፦ የአንድ ትሮምቦን ነፊና መምህር የሥራ ዘመን

የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የአንድን ሰው የሥራ ዘመን የሚተርክ ጽሑፍ አንብቦ ዋናውን ፍሬ ነገር ከዝርዝሩ መለየት ነው። ሁለተኛው፣ የአክብሮት አነጋገርንና ጊዜን አመልካች ቃላትን በትክክል እየተጠቀሙ አጭር የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነው። የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

ቤት የሠራ አናጢ ቤቱ፣ መጽሐፍ የደረሰ ደራሲ መጽሐፉ ከእርሱ በኋላ ይቀራል። በትንፋሹ የሚሠራ ሙዚቀኛ ግን የድካሙ ፍሬ ከመሣሪያው አፍ እንደ ወጣ በአየር ላይ ተበትኖ ይጠፋል። ድምፁ ቢቀረጽ እንኳ፣ በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ከብዙዎች መካከል የአንዱን ሰው ትንፋሽ ለይቶ የሚያውቅ አድማጭ ጥቂት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ባለሙያ ካለፈ በኋላ ምን ይቀርለታል? ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካዊው የኤሞሪ ሬሚንግተን የሥራ ዘመን አንድ መልስ ይሰጣል።

ትሮምቦን ከናስ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። በአገራችን ከጦር ሠራዊትና ከፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ጋር ስለሚታይ ለዓይናችን እንግዳ አይደለም። የተለመደው ዓይነት ቱቦ ቢዘረጋ 2.7 ሜትር ያህል ይረዝማል። ዋሽንት በጣት የሚደፈኑ ቀዳዳዎች፣ ትራምፔትም በጣት የሚጫኑ ቁልፎች አሉት። ትሮምቦን ግን በቀኝ እጅ ወደ ፊት የሚገፋና ወደ ኋላ የሚሳብ ተንሸራታች ቱቦ አለው። ተንሸራታቹ የሚቆምባቸው ስፍራዎች 7 ሲሆኑ፣ ከአንዱ ወደሚቀጥለው በተገፋ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቃና ዝቅ ይላል። በቱቦው ላይ ስፍራውን የሚያመለክት ምልክት የለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በአውታሩ ላይ ትክክለኛውን ቦታ በልምድና በጆሮ እንደሚያገኝ፣ የትሮምቦን ነፊ ክንድም እንዲሁ በልምድና በጆሮ ይመራል። በአንዱ ስፍራ ላይ ሳለም ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት ልዩ ልዩ ድምፆችን ያወጣል። በዚህ በኩል የጣት ቀዳዳ የሌለው የእኛው እምቢልታ ይመስለዋል።

በኦርኬስትራ ውስጥ የትሮምቦን ነፊ ዕጣ ትዕግሥት ነው። ቤትሆቨን በ1808 ለመጀመሪያ ጊዜ ባቀረበው አምስተኛ ሲምፎኒ ትሮምቦኖች የሚገቡት በመጨረሻው፣ ማለትም በአራተኛው ክፍል ነው። ብራምስም በ1876 በቀረበው የመጀመሪያ ሲምፎኒው እንዲሁ አድርጓል። ቫዮሊኖቹ ሲደክሙ ነፊው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚህ መካከል መሣሪያው ይቀዘቅዛል፤ ከንፈሩም ይደርቃል። ተራው ሲደርስ ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ እንከን ሊገኝባት አይገባም። ያውም በብራምስ ሥራ የሚጠበቅበት ጩኸት ሳይሆን መዝሙር የመሰለ ለስላሳ ዜማ ነው። ከግማሽ ሰዓት ዝምታ በኋላ በለሆሳስ መጀመር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

ኤሞሪ ሬሚንግተን በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሮቸስተር ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ይዘምሩ ነበር። ይህ ልምድ በኋላ ለሥራቸው ሁሉ መሠረት ሆነ። ከተማዋ ጆርጅ ኢስትማን የተባሉት ባለ ሀብት ኮዳክ የተሰኘውን የፎቶግራፍ መሣሪያ ኩባንያ ያቋቋሙባት ናት። እኚህ ሰው በ1921 የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሮቸስተር ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ እንዲቋቋም አደረጉ። በ1922 የተከፈተው ቴአትር ቤታቸውም ድምፅ የሌለው ፊልም በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚታይበት አዳራሽ ነበር። ሬሚንግተን በዚሁ በ1922 በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የትሮምቦን መምህር ሆነው ተቀጠሩ። በ1923 ደግሞ የኦርኬስትራው አባል ሆኑ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኦርኬስትራና የማስተማሪያ ክፍል የአንድ ሥራ ሁለት እጆች ሆኑላቸው።

በዚያ ዘመን ትሮምቦን በይበልጥ የሚታወቀው በሰልፍ ሙዚቃ ነበር። ስለዚህ ብዙ ነፊዎች እያንዳንዱን ድምፅ በምላሳቸው እየመቱ በኃይል ማውጣትን እንደ ጥሩ ሙያ ይቆጥሩት ነበር። ሬሚንግተን ግን ተማሪዎቻቸው በመሣሪያው እንዲዘምሩ ፈለጉ። ትሮምቦን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቱቦው ስለሚንሸራተት፣ ነፊው ካልተጠነቀቀ በመካከሉ የሚጎተት ድምፅ ይሰማል። ይህን ለማስቀረት ክንድ ፈጣን፣ ምላስ ለስላሳ፣ ትንፋሽም የማይቋረጥ መሆን አለበት። መምህሩ ይህን በቃል ብቻ አላስረዱም፤ ተማሪው ሲነፋ አብረውት እያዜሙ ትንፋሹን በድምፃቸው ይመሩት ነበር። ድምፅ ተጨንቆ ሳይሆን ዘና ባለ ሰውነት መውጣት አለበት የሚለው ትምህርታቸውም ከዚሁ ከዝማሬ የመጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው የዕለት ማሟሟቂያ መልመጃቸው ነው። መልመጃው ቀላል ይመስላል። ነፊው ተንሸራታቹን በአንደኛው ስፍራ አድርጎ አንድ ረጅም ድምፅ ያወጣል። ከዚያም በግማሽ ቃና ወርዶ ወደ መነሻው ይመለሳል። ቀጥሎ ሁለት ግማሽ ቃና ይወርድና ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው ስፍራ ይዘልቃል። ርቀቱ በየጊዜው ቢጨምርም የድምፁ ጥራት መለወጥ የለበትም። ጀማሪው ክንዱን ይለማመድበታል፤ የበቃውም ሰው ጆሮውን ይፈትንበታል። ሬሚንግተን ተማሪው ወደ ከባድ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይህን በየቀኑ እንዲያደርግ ያስገድዱ ነበር። ከግማሽ ሰዓት ዝምታ በኋላ ያለ ፍርሃት በለሆሳስ የሚገባ ነፊ የሚገኘው በእንዲህ ያለ የየዕለት ድካም ነው።

ሬሚንግተን በ1949 ከኦርኬስትራው ተሰናበቱ። ማስተማሩን ግን በ1971 እስኪሞቱ ድረስ አልተዉም። በኦርኬስትራ የሠሩት 26 ዓመት፣ ያስተማሩት ደግሞ 49 ዓመት መሆኑ ነው። ትሮምቦን ነፊዎች ብቻ ተሰባስበው እንደ መዘምራን በልዩ ልዩ ድምፅ የሚጫወቱበትን ቡድን በትምህርት ቤቱ አደራጅተው መሩ። ተማሪዎቻቸው በፍቅርና በአክብሮት ‹‹አለቃ›› ይሏቸው ነበር። ከእነርሱም መካከል ጎርደን ፑሊስና ሉዊስ ቫን ሄኒ በኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ፣ ራልፍ ሳወር በሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ሠርተዋል። ሌላው ተማሪያቸው ዶናልድ ሀንስበርገር የታወቁ የሙዚቃ መሪ ሆኑ። አለቃው ከሞቱ ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1980 መልመጃዎቹን በመጽሐፍ አሰናድተው ያወጡትም እኚሁ ሀንስበርገር ናቸው።

የቅኔ መምህር ስም በተማሪዎቹ አፍ እንደሚኖር የአገራችን ሊቃውንት ያውቃሉ። ተማሪው ‹‹ከማን ተማርክ?›› ሲባል የመምህሩን ስም ጠርቶ ይኮራል። የሬሚንግተንም ነገር እንደዚሁ ነው። በኮንሰርት ምሽቶች የነፉት ትንፋሽ በአዳራሹ ውስጥ ጠፍቷል። ያ የማሟሟቂያ መልመጃ ግን ዛሬም ፊታቸውን አይተው በማያውቁ ነፊዎች ከንፈር በየማለዳው ይሰማል። ለባለሙያ የሚተርፍለት እንግዲህ ለሌላው ያካፈለው ነው።

ለ. የቃላት ፍቺ

እምቢልታ፦ በቡድን የሚነፋ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ።
በለሆሳስ፦ በዝግታ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ።
እንከን፦ ጉድለት፣ ነቀፋ።
ማሟሟቂያ፦ ከዋናው ሥራ በፊት ሰውነትን የሚያዘጋጅ ልምምድ።
ቃና፦ የዜማ ድምፅ ልክ።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. የምንባቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ያነሣው ጥያቄ ምንድን ነው? መልሱ በየትኛው አንቀጽ ተሰጠ?
2. ትሮምቦን ከማሲንቆ ጋር በምን ይመሳሰላል? ከእምቢልታስ?
3. በብራምስ የመጀመሪያ ሲምፎኒ የትሮምቦን ነፊውን ሥራ አስቸጋሪ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
4. ሬሚንግተን በልጅነታቸው መዘመራቸው ከማስተማር ዘዴያቸው ጋር ምን ግንኙነት አለው?
5. ‹‹ባለሙያ ከማስተማር ይልቅ በራሱ ሥራ ቢታወቅ ይሻላል›› ለሚል ሰው ምን ትመልሱለታላችሁ? ምክንያታችሁን ከምንባቡ በማስረጃ ደግፉ።

መ. ሰዋስው

፩. የአክብሮት አነጋገር

በአማርኛ ስለምናከብረው ሰው ስንጽፍ ግሱን በብዙ ቁጥር እናደርጋለን። ‹‹ተወለደ›› በማለት ፈንታ ‹‹ተወለዱ››፣ ‹‹አስተምሯል›› በማለት ፈንታ ‹‹አስተምረዋል›› እንላለን። በአክብሮት የጀመርነውን ታሪክ እስከ መጨረሻው በአክብሮት መጨረስ ይገባናል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ‹‹ተቀጠሩ›› ብሎ ጀምሮ ‹‹አስተማረ›› ብሎ መጨረስ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ የአክብሮት ቅርጽ ከብዙ ቁጥር ቅርጽ ጋር አንድ በመሆኑ አሻሚነት ያስከትላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

መምህሩና ተማሪዎቹ በማለዳ ይገናኛሉ፤ ያከብሯቸዋልም።

አክባሪዎቹ ተማሪዎቹ ናቸው ወይስ መምህሩ? ከዐረፍተ ነገሩ መለየት አይቻልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ተውላጠ ስሙን ትቶ ስሙን መድገም ይሻላል፦

መምህሩና ተማሪዎቹ በማለዳ ይገናኛሉ፤ ተማሪዎቹም መምህሩን ያከብሯቸዋል።

፪. ጊዜን አመልካች ቃላት

የሕይወት ታሪክ የጊዜን ተራ ይከተላል። የሚከተሉት አገባቦች የድርጊቶችን ቅደም ተከተል ያሳያሉ።

ከ... ጀምሮ፦ ከ1922 ጀምሮ አስተማሩ።
እስከ... ድረስ፦ እስከ 1949 ድረስ በኦርኬስትራ ሠሩ።
ሳለ፣ ሳሉ፦ በኦርኬስትራ ውስጥ ሳሉ ያስተምሩ ነበር።
ከ... በኋላ፦ ከሞቱ በኋላ መጽሐፉ ታተመ።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች ከላይ በተሰጡት አገባቦች እያገናኛችሁ አንድ አድርጓቸው።

1. ሬሚንግተን ከኦርኬስትራው ተሰናበቱ። 22 ዓመት አስተማሩ።
2. ሬሚንግተን ልጅ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ይዘምሩ ነበር።
3. ሥራቸውን በ1922 ጀመሩ። በ1971 ሞቱ።

ሠ. ድርሰት

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

የመጀመሪያው፦ ሬሚንግተን እጅግ ታላቅ መምህር ነበሩ። ሁሉም ይወዷቸው ነበር። ሥራቸውም በጣም ድንቅ ነበር።

ሁለተኛው፦ ሬሚንግተን 49 ዓመት አስተማሩ። ተማሪው ሲነፋ አብረውት ያዜሙ ነበር። ከእርሳቸው የተማሩ ነፊዎች በታላላቅ ኦርኬስትራዎች ሠርተዋል።

የመጀመሪያው አንቀጽ ያመሰግናል እንጂ አያሳይም። ስሙ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ቢገባበት ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ሁለተኛው ‹‹ታላቅ›› የሚለውን ቃል ሳይጠራ ታላቅነቱን በሥራ ያሳያል። ጥሩ የሕይወት ታሪክ ለሌላ ሰው የማይሆን፣ ልክ እንደ ተለካ ልብስ የባለቤቱ ብቻ የሆነ ነው።

አሁን በአካባቢያችሁ በሙያቸው ለረጅም ጊዜ የሠሩ አንድ ሰው ምረጡ። ሸማኔ፣ ነርስ፣ አናጢ፣ መሪጌታ፣ መምህር ወይም ሙዚቀኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ፈቃዳቸውን ከጠየቃችሁ በኋላ የሚከተሉትን አነጋግሯቸው፦ ሙያውን መቼና ከማን ተማሩ? ከሥራው ሁሉ የሚከብደው የትኛው ነው? በየቀኑ ሳያደርጉ የማይቀሩት ነገር ምንድን ነው? ለማን አስተማሩ?

ያገኛችሁትን መልስ በሦስት አንቀጾች፣ ከ200 ቃላት በማይበልጥ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሰውየውንና ሙያውን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው የሥራ ዘመናቸውን በጊዜ ተራ ተርኩ፤ በሦስተኛው ለሌሎች ያስተላለፉትን ግለጹ። ከተነገራችሁ በላይ አትጨምሩ። ድርሰቱን ስትጨርሱም ለባለ ታሪኩ አንብቡላቸውና የተዛባ ነገር ካለ አርሙ፤ የሰው ሕይወት በእጃችሁ የተሰጣችሁ አደራ ነውና።