ካርዱ ላይ ያለው 100 እና ካሜራው ውስጥ ያለው 100
(ስለ ሜሞሪ ካርድ የፍጥነት ደረጃዎች)

ለዚህ እትም ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ፎቶግራፍ ብርሃን አጠቃቀም ነበር። ባለፈው ጥር የደረሰብኝ ነገር ግን ሐሳቤን አስቀየረኝና የፖስታ ቴምብር ስለምታክል አንዲት ፕላስቲክ ልጽፍ ተገደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ሠርግ ነበር። የትምህርት ክፍላችንን ካሜራ ፈርሜ ወሰድኩ። በዋዜማው ሳምንት ግቢ ውስጥ ስሞክረው አንድም እንከን አልነበረውም። የሠርጉ ዕለት ግን ‹‹ለእህቴማ ጥራቱ ከፍ ይበል›› ብዬ ቪዲዮውን ከፉል ኤችዲ ወደ ፎርኬ ቀየርኩት። ሙሽሮቹ የአያቴን ጉልበት ሳሙ፣ አያቴ ምርቃታቸውን ጀመሩ፣ እኔም ቀረጻዬን ጀመርኩ። አርባ ሰከንድ ያህል እንደሄደ ካሜራው ‹‹ቀረጻው ተቋርጧል›› የሚል መልእክት አሳይቶኝ ቀጥ አለ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ቆመ። ሦስተኛ ስሞክር ሰዉ ‹‹አሜን!›› ብሎ ጨርሶ እልልታው ቀልጧል።

ባትሪው ሙሉ ነበር። ካርዱም 64 ጊጋባይት ሆኖ ግማሹ ገና ባዶ ነው። በማግስቱ ካርዱን ይዤ የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየና ‹‹ወንድሜ፣ መቶ ይላል እኮ! መቶ ሜጋባይት በሰከንድ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?›› አለኝ። አልዋሸኝም፤ መቶ ይላል። የካሜራውን መመሪያ ስከፍት ደግሞ የፎርኬው ቀረጻ ‹‹100›› ተብሎ ተጽፏል። መቶ በመቶ! ታዲያ ምን ጎደለ?

የመጀመሪያው ስሕተቴ እዚህ ላይ ነበር። የካሜራው 100 ሜጋቢት ነው፤ የካርዱ 100 ደግሞ ሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢትን ለ8 ስናካፍል በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ይመጣል። እንዲህ ከሆነማ ካርዱ ከሚፈለገው ስምንት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው! ይህን ሳሰላ ይባስ ብሎ ግራ ገባኝ።

መልሱ ያለው ከቁጥሩ ፊት ባለችው ትንሽ ቃል ላይ ነው። ካርዱ የሚለው ‹‹እስከ 100›› ነው። ያውም የሚናገረው ስለ ንባብ ነው፤ ማለትም ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ስለሚኖረው ፍጥነት። ካሜራ ግን ሲቀርጽ ይጽፋል እንጂ አያነብም። ፍላሽ ሜሞሪ ደግሞ ሲያነብ ፈጣን፣ ሲጽፍ ዘገምተኛ ነው። ምክንያቱን በጥቁር ሰሌዳ ማስረዳት ይቀላል። መምህሩ የጻፉትን ማንበብ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። በሞላ ሰሌዳ ላይ አዲስ ነገር ለመጻፍ ግን አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ በፍላሽ ሜሞሪ ላይ ደግሞ አንድን ቃል ለይቶ ማጥፋት አይቻልም፣ ሰሌዳው በሙሉ ነው የሚጠረገው። ከሰሌዳው ላይ መቅረት ያለበት ነገር ካለ በመጀመሪያ ወደ ሌላ ሰሌዳ መገልበጥ አለበት። ይህን ሁሉ የምትሠራው ካርዱ ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ናት። እሷ በዚህ ሥራ ስትጠመድ ካሜራው ቆሞ ይጠብቃል።

ለቪዲዮ የሚያስፈልገን እንግዲህ ካርዱ ሲቀናው የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን ከዚያ በታች የማይወርድበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። የፍጥነት ደረጃ የሚባለው ይኸው ነው። ደረጃውን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው የኤስዲ ማኅበር ሲሆን፣ ካርዱን አንድ ዓመት ቀደም ብለው ያስተዋወቁት ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች በእንግሊዝኛው ‹‹ሲ›› ፊደል ውስጥ የተጻፉት 2፣ 4፣ 6 እና 10 ናቸው። ቁጥሩ ራሱ በሰከንድ የሚጻፈው ሜጋባይት ነው። ቀጥሎ በ‹‹ዩ›› ፊደል ውስጥ የሚጻፉት 1 እና 3 መጡ፤ እነዚህ ግን 1 እና 3 ሜጋባይት ሳይሆኑ 10 እና 30 ናቸው። (ዩ 2 የለም፤ ለምን እንደዘለሉት እነሱ ይወቁት።) እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለቪዲዮ ተብሎ የ‹‹ቪ›› ደረጃ ወጣ፦ ቪ 6፣ ቪ 10፣ ቪ 30፣ ቪ 60 እና ቪ 90። እዚህም ቁጥሩ እንዳለ ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ሲ 10፣ ዩ 1 እና ቪ 10 ስማቸው ቢለያይም ዋስትናቸው አንድ ነው። ዩ 3 እና ቪ 30 እንዲሁ። አንድ ካርድ ላይ ሦስቱም ምልክቶች ተደርድረው ስታዩ ሦስት እጥፍ ፈጣን እንዳይመስላችሁ።

የኔ ካርድ ላይ ያለው ሲ 10 እና ዩ 1 ነው። የሚፈለገው 12.5፣ ዋስትናው 10። በቃ፣ ነገሩ ተገለጠልኝ።

‹‹ታዲያ ለምን ወዲያው አልቆመም?›› ብሎ አንድ ጓደኛዬ ጠይቆኛል። ካሜራ ውስጥ ጊዜያዊ ማቆያ አለ። እሱን እንደ በርሜል አስቡት። ከላይ ቧንቧው በሰከንድ 12.5 ሊትር ይሞላል፤ ከታች 10 ሊትር ይወጣል። በየሰከንዱ 2.5 ሊትር ይጠራቀማል ማለት ነው። በርሜሉ መቶ ሊትር የሚይዝ ቢሆን በ40 ሰከንድ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ይቆማል። ግቢ ውስጥ የሞከርኩት ፉል ኤችዲ ግን 28 ሜጋቢት፣ ማለትም 3.5 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር በርሜሉ ጠብ ሳይል ነው የዋለው። ሙከራዬ ሙከራ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ካርዶች ከዋስትናቸው በላይ ይጽፋሉ፤ የኔም ሳይችለው አይቀርም ነበር። ግን ካርዱን ፎርማት ሳላደርግ፣ የአንድ ዓመት ፎቶ እንዳጨቅኩበት ነው ሠርግ ይዤው የሄድኩት። ፋይል እዚህም እዚያም ተሰርዞ ክፍት ቦታው ሲበጣጠስ የመጻፍ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ዋስትናውም የሚጸናው በአግባቡ ፎርማት በተደረገ ካርድ ላይ ነው። ፎርማቱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ፎቶዎቹን አስቀድሞ ገልብጦ ነው ታዲያ!

ስለ ፎቶግራፍ ደግሞ ትንሽ ልበል። በተከታታይ የሚያነሳ ሰው፣ ለምሳሌ የስፖርት ፎቶ አንሺ፣ ጭንቀቱ ሌላ ነው። አንድ የሮው ፋይል 25 ሜጋባይት ቢሆንና በሰከንድ አምስት ቢያነሳ 125 ሜጋባይት ይሆናል። እዚህ ላይ ካርዱና ካሜራው የሚገናኙበት መንገድ ራሱ ይጠብባል። ካርዱ ላይ በሮማውያን አኃዝ አንድ ወይም ሁለት ተብሎ የሚጻፈው ይህንን መንገድ ነው የሚያመለክተው፤ ከላይ ካየናቸው ደረጃዎች ጋር አታምታቱት። አንዱ እስከ 104፣ ሁለቱ እስከ 312 ሜጋባይት ያሳልፋል። ባለ ሁለቱን ጀርባውን ገልብጦ ማወቅ ይቻላል፣ ሁለተኛ ረድፍ የብረት መገናኛ አለው። ያን ረድፍ የማያነብ ካሜራ ውስጥ ቢገባ ይሠራል፣ ግን በአሮጌው መንገድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ካሜራችሁን ሳታውቁ ውድ ካርድ አትግዙ። በ‹‹ኤክስ›› ምልክት የሚጻፈውም፣ ለምሳሌ 633 ኤክስ፣ ከሲዲ ዘመን የተረፈ ነው፤ አንድ ኤክስ 150 ኪሎባይት ስለሆነ 95 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። እሱም ቢሆን ማስታወቂያ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ምልክቱ ራሱ ውሸት ሲሆን ነው። ገበያ ላይ 8 ጊጋባይት ሆነው 64 ነን የሚሉ ካርዶች አሉ፤ ከስምንቱ በላይ የተጻፈው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነብና እውነተኛ መጠኑንም ፍጥነቱንም ይነግራችኋል። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ማታ ከፍቶ መተኛት ነው።

እኔ ቪ 30 ካርድ ገዛሁ፣ በፕሮግራሙ ፈተሽኩት፣ ካሜራው ላይ ፎርማት አደረግኩትና አያቴ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ የሠርጉን አርባ ሰከንድ አሳየኋቸው። ‹‹ውይ፣ ይኼው ነው እንዴ? ገና አፌን ሳልፈታ!›› አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሙሽሮቹ ሊኖሩበት ወደሚገባው ባዶ ሶፋ ዞረው፣ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። በፎርኬ አሥራ አራት ደቂቃ ሳይቋረጥ ሄደ። እህቴ ግን ‹‹አሜን የሚለው ሰው ድምፅ የት አለ?›› እያለች እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።