«እንዴት አገኘኸው?»

ተማሪ የሒሳብ መልስ ብቻ ጽፎ ሲያመጣ «እስቲ እንዴት አገኘኸው?» እንለዋለን። ስሌቱ ካልታየ ስሕተቱ ከየት እንደ ገባ አይታወቅማ! የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአፍንጫውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት መሣሪያዎች የግራው 74.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 15 ያህል ያሳይ ነበር። ፕሮግራሙ የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ለምን እንደሚገፋ ግን ለአብራሪዎቹ አልነገራቸውም። ምክንያቱ የተነበበው በኋላ፣ ከበረራ መቅረጫው ነው።

እኛም ነገ በጋምቤላ ትምህርት ቤቶች ሮስተር የሚሠራ ፕሮግራም ብናዘጋጅ «ወድቃለች» ብቻ አይበለን። «አማካይ 46፤ ማለፊያ 50፤ የሳይንስ ውጤት ስላልተሞላ 0 ተብሏል» ይበል። ያኔ ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የመዝጋቢው መሆኑ ወዲያው ይታያል።

ስለዚህ ፕሮግራም ሦስት ነገር ይጻፍ፦
1. ምን እንደ ተቀበለ፣
2. በየትኛው ደንብ እንደ ወሰነ፣
3. ምን እንደ ወሰነ።

መልመጃ፦ ባለፈው ሳምንት ላረማችሁት አንድ ፈተና እነዚህን ሦስቱን ጻፉ። ማርኩን ለተማሪው ማስረዳት ትችላላችሁ?