መርፌው ሳይገባ የሚሠራው ሥራ

በጅቡቲ ከተማ፣ ከፔልቲየር ሆስፒታል እስከ ባልባላ ጤና ጣቢያዎች፣ አንዲት ነርስ በአንድ ጠዋት ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሊገጥማት ይችላል። ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ሾፌር የተባለው ካልገባው ጥርሱን ነክሶ ይገተራል። የተገተረ ጡንቻ ሲወጋ ደግሞ ሕመሙ ይብሳል።

መጀመሪያ መድኃኒቱ በኪኒን ሊሆን ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ብዙ ወገናችን መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም፤ ያልተወጉት መርፌ ግን አያምም።

መርፌው የግድ ከሆነ የሚያደርጉትን ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ይንገሩት። «ምንም አያምም» ማለት ይቅር፤ «ወንድሜ፣ አሁን ልጀምር ነው» ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. የክትባትን ሕመም ስለመቀነስ ባወጣው ምክር የሐሰት ማጽናኛን አይደግፍም። መርፌ ሲወጋ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ከሆነ አስተኝተው ይውጉት።

ከፍሪጅ የወጣ መድኃኒት ያማል። መመሪያው ከፈቀደ ቅዝቃዜው ጥቂት እስኪለቀው ይቆይ፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት የጅቡቲ ሐምሌ መስኮት ዳር አይተዉት። ታካሚውንም ከኤር ኮንዲሽነሩ ፊት ለፊት አያስቀምጡት፤ የበረደው ሰው ጡንቻው አይላላም።

ትልቁ ነገር አቀማመጡ ነው። ክንድ ላይ ከሆነ ተቀምጦ ክርኑን አጥፎ መዳፉን ጭኑ ላይ ያሳርፍ። መቀመጫ ላይ ከሆነ በሆዱ ተኝቶ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ ያዙር፣ ጡንቻው ወዲያው ሲላላ በእጅዎ ይታወቅዎታል። ከሠለጠኑበት ደግሞ የዳሌው ጎን ይሻላል፤ ከትልቁ የእግር ነርቭ የራቀ ነው።

አልኮሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ቆዳ ሲወጋ ያቃጥላል። በብልቃጡ ጎማ ያለፈው መርፌም ስለሚደንዝ በአዲስ ይቀየር።

ቦታውን ከማጽዳትዎ በፊት በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ያህል ጫን ያድርጉት። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የመነካት ስሜት ወደ አከርካሪ ሲደርስ የሕመሙን መንገድ ያጠባል። ከዚያ ታካሚው በረጅሙ እንዲተነፍስ ወይም ሳል እንዲል ያድርጉና መርፌውን ቀጥ አድርገው በአንድ ጊዜ ያስገቡ። ማመንታት ያሳምማል።

ፍጥነቱ እንደ መድኃኒቱ ነው። ክትባት ደም መኖሩን ለማየት ወደኋላ ሳይስቡ ቶሎ ይሰጣል። ለሩማቲክ የልብ ሕሙማን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ግን ወፍራም ነው፤ በዝግታ ይገፋ፣ መሐል ላይ ግን አይቁም፤ መርፌው ይደፈናል።

መርፌውን ሲያወጡ ቦታውን በደረቅ ጥጥ ይያዙት እንጂ አይሹት። እየወጉት ሳለ ታካሚው «እንደ ኤሌክትሪክ ወደ እግሬ ወረደ» ካለ፣ መድኃኒቱ ባያልቅም ወዲያው ያውጡና ለሐኪም ይንገሩ።