ስለ ሽማግሎችና ስለ ጐልማሶች አንድነት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ የእስራኤል ልጆች ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው የቤተ መቅደሱን መሠረት በጣሉበት ቀን የሆነውን ነገር በመጽሐፈ ዕዝራ በ3ኛው ምዕራፍ ታገኘዋለህ። የቀድሞውን ቤት በዓይናቸው ያዩት ሽማግሎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ሌሎቹ ግን ከደስታ የተነሣ እልል አሉ። ልቅሶውና እልልታው ስለ ተቀላቀለ፤ ከሩቅ ያለ ሰው አንዱን ከሌላው ለይቶ ለመስማት አልቻለም። መሠረቱ አንድ ነበረ፤ ሁሉም የሚያመልኩት አምላክ አንድ ነበረ። ነገር ግን አንዱ ወገን የጠፋውን እያሰበ፤ ሌላው ወገን የሚመጣውን እየጠበቀ ቆመ።

ይህ የሁለት ድምፅ ነገር ዛሬም በየአጥቢያችን ይሰማል። ሽማግሌው፤ «የአባቶቻችን ሥርዓት ጠፋ» እያለ ያዝናል። ጐልማሳው ደግሞ፤ «እኛ በዚህ ቤት ስፍራ የለንም» እያለ ያጕረመርማል። ሁለቱም በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፤ ከአንድ ማዕድ የሚካፈሉ ክርስቲያኖች ናቸው። እንግዲህ ይህ መለያየት ከምን እንደሚመጣ፤ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ፤ በምንስ መንገድ እንደሚድን፤ የቆቦንና የራያን ቆላ አገር ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ልቅሶ አለው

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፤ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ይታያል፤ በመካከሉ ያለው ሰፊ ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። አማርኛና ትግርኛ ኦሮምኛም በገበያው ይሰማል፤ ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ምድሩ ለም ነው፤ ዝናሙ ግን የታመነ አይደለም።

በዚህ አገር ያሉት ሽማግሎች በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የወረደውን ረኀብ ያስታውሳሉ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከራያ ሜዳ በላይ በምትገኘው በኮረም የተሰበሰበውን የተራበ ሕዝብ፤ ዓለም በሥዕል ያየውን መከራ፤ እነርሱ በሥጋቸው አይተውታል። ስለዚህ ሽማግሌው ቁራሽ እንጀራ ሲወድቅ ባየ ጊዜ ይቈጣል፤ ጸሎት ሲያጥር ባየ ጊዜም ይፈራል። ያን ጊዜ ሌላ መጠጊያ አልነበረምና፤ ያደረው በጸሎት ነው።

ጐልማሳው ይህን አላየም፤ እርሱ ያየው ሌላ መከራ ነው። መሬት የሌለው፤ ትምህርቱን ጨርሶም ሥራ ያጣ የራያ ልጅ ብዙ ጊዜ በአፋር በረሓ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ይወርዳል፤ ከዚያም በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ በየመን በኩል ሳውዲ ዓረቢያ ለመግባት ይሞክራል። በመንገድ የቀረ ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሳውዲ መንግሥት ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣ ጊዜ፤ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱት መካከል የዚህ አገር ልጆች ነበሩባቸው። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ውጊያው በዚያው አካባቢ ዳግመኛ ተቀሰቀሰ። ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ትተው ተሰደዱ።

እንግዲህ ልብ አድርግ። አባት ስለ ረኀብ ያለቀሰውን ልቅሶ ልጅ አያውቀውም፤ ልጅ በበረሓ ያለቀሰውንም አባት አያውቀውም። ሁለቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ታሪክ ጠይቆ አያውቅም። ያልተጠየቀ ልቅሶ ወደ ቍጣ ይለወጣል። የመለያየትም ሥር ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ጠብ በትንሽ ነገር እንደሚጀምር

በሃይማኖት መሠረት ላይ የሚጣሉ ሽማግሌና ጐልማሳ ጥቂቶች ናቸው። ጠቡ ብዙ ጊዜ በዜማ፤ በልብስ፤ በቋንቋ፤ በቁልፍና በገንዘብ ይጀምራል።

ለምሳሌ በአንድ አጥቢያ እንዲህ ሆነ እንበል። አንድ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ጐልማሳ በጉባኤ መካከል ተነሥቶ፤ «የሙዳየ ምጽዋቱ ሒሳብ በሕዝብ ፊት ይነበብ» አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በግልጥ ሊቈጠር ይገባልና። ነገር ግን ሠላሳ ዘመን ያለ ደመወዝ ያገለገሉት ሽማግሌ ቃሉን በሰሙ ጊዜ፤ «ይህ ልጅ ሌባ አለኝ» ብለው አዘኑ። በማግሥቱም ቁልፉን መልሰው ከቤታቸው ቀሩ። ጐልማሶቹም፤ «ሒሳቡን የሚያፍርበት ሰው ሸሸ» አሉ። እውነተኛው ጥያቄ እውነተኛውን አገልጋይ አባረረ። በሁለቱም ወገን ክፋት አልነበረም፤ የጎደለው ጥያቄውን አስቀድሞ በቤታቸው በአክብሮት ማቅረብ፤ መልሱንም ያለ ቍጣ መስጠት ነበረ።

ዳግመኛ ሽማግሌው በጉባኤ ስልኩን የሚመለከተውን ልጅ አይቶ፤ «ቃለ እግዚአብሔርን ናቀ» ይላል፤ ምናልባት ልጁ የሚያነበው ያንኑ የሚነበበውን ምዕራፍ ይሆናል። ጐልማሳውም በግዕዝ የሚዜመውን ረጅም ጸሎት ሰምቶ፤ «ትርጕም የሌለው ነገር» ይላል፤ ነገር ግን ትርጕሙን ከሚያውቁት አባት ተቀምጦ አልጠየቀም። ሁለቱም ባላወቁት ነገር ፈረዱ።

ሦስተኛ፤ በመጽሐፍ የተጻፈልን ምሳሌ

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሽማግሎችን ምክር ትቶ፤ ከእርሱ ጋር ያደጉትን የባልንጀሮቹን ምክር ተከተለ፤ በአንድ ቀንም አሥሩን ነገድ አጣ። ይህ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ12ኛው ምዕራፍ አለ። ሽማግሎች ይህን ታሪክ ጐልማሶችን ለመገሠጽ ይወዱታል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የእነዚያ ሽማግሎች ምክር ምን እንደ ነበረ ደግሞ ይመልከቱ፤ ንጉሡ ሕዝቡን እንዲያገለግል፤ በለዘበ ቃልም እንዲመልስለት ነበር የመከሩት። በሽምግልናው የሚመካ ሁሉ ቃሉ እንደዚያ የለዘበ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

የዔሊንና የሳሙኤልንም ታሪክ እናስብ። እግዚአብሔር በሌሊት በተጣራ ጊዜ ድምፁን የሰማው ብላቴናው ነው፤ ሽማግሌው አልሰማም። ነገር ግን ብላቴናው የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አላወቀም፤ ያወቀውና እንዴት መመለስ እንደሚገባ ያስተማረው ሽማግሌው ነው። ብላቴናው ያለ ሽማግሌው ቢሆን ኖሮ የሰማውን ባላስተዋለ ነበር፤ ሽማግሌው ያለ ብላቴናው ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሰማ ነበር። በማግሥቱም የመጣው ቃል በራሱ ቤት ላይ የሚፈርድ ሲሆን፤ ዔሊ ልጁን አልደበደበውም፤ ሳይሸሽግ እንዲነግረው አዘዘው እንጂ። ይህ ለሽማግሎች ታላቅ ትምህርት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ማርቆስ በመንገድ ስለ ተለያቸው ከእርሱ ጋር ሊወስደው አልወደደም፤ ስለ እርሱም ከበርናባስ ጋር እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ። በርናባስ ግን ጐልማሳውን ታገሠው። ኋላም ጳውሎስ በእስራት ሳለ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ፤ ይዞት እንዲመጣ ለጢሞቴዎስ ጻፈ። አንድ ሰው ስለ ታገሠው አንድ አገልጋይ ዳነ።

አራተኛ፤ በአገራችን የሆነው

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. ባወጣችው በቃለ ዓዋዲ፤ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ከካህናትና ከምእመናን ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም እንዲቋቋም ሠራች። ልጅ ከአባት ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ እንዲመክር በሕግ ስፍራ ተሰጠው ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተሰበሰቡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጸሎት የጀመሩት ኅብረትም፤ በ1984 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር ማኅበረ ቅዱሳን ሆኖ ተመሠረተ። ተማሪዎቹ ከአባቶች ጥላ ሥር አልወጡም፤ አባቶችም በራቸውን አልዘጉባቸውም።

በወንጌላውያን ዘንድም እንዲሁ ሆነ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተማሪዎች መካከል የጸሎት መነቃቃት ተነሣ፤ በ1959 ዓ.ም. ከእነርሱ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። መነቃቃቱ ወደ ቀደሙት ማኅበሮች በገባ ጊዜ ብዙ ሽማግሎች ደነገጡ፤ በአንዳንድ ስፍራም ወጣቶች ተከለከሉ፤ ወጥተውም ሄዱ። በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ግን መሪዎቹ ነገሩን በጉባኤ መረመሩ፤ መልካሙን ተቀበሉ፤ ሥርዓት የሚሻውንም በሥርዓት አደረጉ። ስለዚህ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ በቤታቸው ቀሩ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የደርግ መንግሥት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን በዘጋ ጊዜ፤ የሽማግሎች ቤት መጠጊያ፤ የወጣቶችም ጕልበት አገልግሎት ሆነ። ቀድመው ባይታረቁ ኖሮ፤ በመከራው ቀን ማን ለማን በሩን ይከፍት ነበር?

አምስተኛ፤ ከራያ ምድር የምንማረው

በራያ ሜዳ ገበሬው ከሰማይ የሚወርደውን ዝናም ብቻ አይጠብቅም፤ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሽላው ያገባዋል። ጎርፉ በሌሊት በድንገት ይመጣል። በየት በኩል እንደሚሰብር፤ ግድቡ ምን ያህል ከፍ እንዲል የሚያውቅ ብዙ ክረምት ያየ ሽማግሌ ነው፤ አካፋ ይዞ በጨለማ የሚወርደው ግን ጐልማሳው ነው። ሽማግሌ ብቻውን ቢወርድ ጎርፉ ይወስደዋል፤ ጐልማሳ ብቻውን ቢቈፍር ጎርፉን ወደ ጎረቤቱ ቤት ይሰደዋል። ጠብ ካለ ደግሞ ውሃው ማንንም አይጠብቅም፤ እርሻውን ጠርጎ ያልፋል።

በዚሁ አገር ዘወልድ፤ በሌላው የወሎ ወገንም አበጋር የሚባለው የሽማግሎች ሥርዓት አለ፤ ደም የተቃቡትን ያስታርቃል። እንግዲህ አባቶቼ ሆይ፤ የሰው ደም የፈሰሰበትን ጠብ ለማብረድ ቀን ከሌሊት የምትደክሙ ሰዎች፤ ከገዛ ልጃችሁ ጋር ስለ አንድ መዝሙር ዜማ ሳትታረቁ መቅረታችሁ እንዴት ነው?

ደግሞም በነሐሴ ወር የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ፤ በላስታ አሸንድዬ፤ በዋግ ሻደይ ይሉታል። እናት የልጇን ጠጕር ትሠራለች፤ ዘፈኑን ታስተምራታለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ከበሮውን ለልጇ ትታ ቆማ ታያለች። ድምፁ አዲስ ነው፤ በዓሉ የጥንት ነው። እናቲቱም፤ «ከበሮዬን ቀማችኝ» አትልም። የመዝሙር ነገር በቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ቢሆን እንዴት መልካም በሆነ ነበር!

ስድስተኛ፤ ምን እናድርግ?

ሽማግሎች ሆይ፤ ተግሣጻችሁን በጉባኤ ፊት ሳይሆን አስቀድማችሁ ለብቻው አድርጉ። አንድ ቁልፍ፤ አንድ አገልግሎት፤ አንድ የምክር ወንበር ለጐልማሳ ስጡ፤ ቢሳሳትም ወዲያው አትንጠቁት፤ እናንተም በስሕተት ተምራችኋልና። ልጅ ከስደት በተመለሰ ጊዜ፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» ከማለት በፊት፤ «እንዴት ተረፍህ?» በሉት።

ጐልማሶች ሆይ፤ ጥያቄያችሁ እውነት ቢሆን እንኳ በአክብሮት ቃል አቅርቡት፤ እውነት በስድብ አይጠነክርምና። የማታውቁትን ሥርዓት ከመንቀፋችሁ በፊት ትርጕሙን ጠይቁ። አንድ የሚያውቁ አባት በሞቱ ቀን ብዙ ያልተጻፈ ነገር አብሮ ይቀበራል፤ በሕይወት ሳሉ ተቀምጣችሁ ስሙ፤ ጻፉም።

ሁላችሁም ሆይ፤ ጎረቤቶቻችን ያዩናል። ፍቅርን የሚሰብክ ማኅበር በቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ የማይነጋገሩበት ከሆነ፤ ስብከቱን ማን ያምናል? ይልቁንም ጐልማሳው በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው አባት ካጣ፤ የሚሰማው ደላላ ያገኛል፤ የበረሓውም መንገድ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩ የዜማና የቁልፍ ነገር ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ነገር ነው።

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በዕዝራ ዘመን የለቀሱትና እልል ያሉት ሰዎች ቤቱን በአንድነት ሠርተው ፈጸሙት። የለቀሰው በልቅሶው አልተባረረም፤ እልል ያለውም በእልልታው አልተነቀፈም። ዛሬም የአባቶችን ልብ ወደ ልጆች፤ የልጆችንም ልብ ወደ አባቶች የሚመልስ እግዚአብሔር ነው። እርሱ ይመልሰን። አሜን።

ለማሰብና ለመነጋገር የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያህ ካሉት ሽማግሎች መካከል የሕይወቱን ታሪክ ጠይቀህ የሰማኸው ማንን ነው?
2. ዔሊ ከሳሙኤል፤ ሳሙኤልም ከዔሊ ምን አገኙ?
3. የሒሳቡን ነገር የጠየቀው ጐልማሳና ቁልፉን የመለሱት ሽማግሌ እያንዳንዳቸው ምን ማድረግ ይገባቸው ነበር?
4. በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ልትታረቅ ይገባሃል? ወደ እርሱስ መቼ ትሄዳለህ?