የደም ሕዋስ ቆጠራ በአቃቂና በወንጂ

ምንባብ

በሰው ደም ውስጥ ከሚመላለሱት ነጭ ሕዋሳት መካከል ሲዲ ፎር በሚል መጠሪያ የሚታወቁ አሉ። ሥራቸው የዘብ አለቃን ሥራ ይመስላል፤ ባዕድ ተህዋስ ወደ ሰውነት ሲገባ ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት ቀስቅሰው ያሰማራሉ። ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ አጥብቆ የሚያጠቃው እነዚህኑ አለቆች ነው። ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ሲሄድ፣ ጤነኛ ሰው በቀላሉ የሚቋቋመው ሕመም እንኳ በሽተኛውን የአልጋ ቁራኛ ያደርገዋል። ስለዚህም ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ ለመረዳት በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ውስጥ ስንት ሲዲ ፎር እንዳለ ያስቆጥራሉ።

ይሁን እንጂ «ጎደለ» ለማለት አስቀድሞ ሙሉው ስንት እንደ ነበረ ማወቅ ያሻል። ለብዙ ጊዜ ሐኪሞች «ሙሉ» እያሉ የሚጠቅሱት ቁጥር የተገኘው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሕዝብ ደም ነበር። የእኛ ሰው ደም በሰው አገር ቁና ይሰፈር ነበር ማለት ነው።

ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ተወስዶ በተቀመጠ ደም ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በ1994 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። የተቋቋመበት የምርምር ተቋም ቀድሞ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው፣ ዛሬም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ከፕሮጀክቱ ዋና ተመራማሪዎች አንዷ ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ ነበሩ፤ እኒህ ሴት በኋላ ተቋሙን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል።

የሕዋስ ቆጠራ ቀላል ሥራ አይደለም። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ሕዋሳቱ በብርሃን በሚያበራ ቀለም ምልክት ይደረግባቸውና በቀጭን ቱቦ አንድ በአንድ እያለፉ በሌዘር ጨረር ይቆጠራሉ። ደሙን ባሕር አሻግሮ ልኮ ውጤት መጠበቅ አስቸጋሪ ስለሆነ መሣሪያውም ባለሙያውም በአገር ውስጥ መገኘት ነበረባቸው።

ተመራማሪዎቹ የጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ደም ከጤነኛ ኔዘርላንዳውያን ደም ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር፤ በኔዘርላንዳውያኑ ደም በአማካይ 993 ያህል ሲዲ ፎር ሲገኝ፣ በኢትዮጵያውያኑ ደም የተገኘው 775 ያህል ነበር። ቫይረሱ ጨርሶ የሌለበት ሰው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚህም በላይ ገና ለውጊያ ያልተሰማሩት ጀማሪ ሕዋሳት አነስተኛ ሲሆኑ የተነሣሡት ብዙ ነበሩ። የሆድ ትላትልና ሌሎች ተደጋጋሚ ሕመሞች የዘቡን ጦር ዕረፍት ነሥተውት ይሆናል የሚል ግምት ቀረበ። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ትላትሉ ሲታከም የሕዋሳቱ መነሣሣት እንደሚረግብ ስላሳዩ ግምቱን ይደግፋሉ።

ታዲያ ከዝቅተኛ ቁጥር የሚነሣ ሰው ቫይረሱ ቢይዘው ቶሎ ይሸነፋልን? አስጨናቂው ጥያቄ ይህ ነበር። ለዚህ መልስ ለመስጠት በሽተኞችን ብቻ መመርመር አይበቃም፤ ሰው ጤነኛ ሳለ የነበረውን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። መልሱ የተገኘው ከአቃቂና ከወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈቃደኛ የሆኑት ሠራተኞች በየስድስት ወሩ እየቀረቡ ደማቸውን ሰጡ፤ ስለ ኑሯቸው ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መልስ ሰጡ፤ ምክርም ተቀበሉ። ስለ ግል ሕይወት፣ በተለይም ስለ አባለዘር በሽታ መናገር በሚያሳፍርበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል ድፍረት አልነበረም። እንደ ቂጥኝ ያለ ቁስል የሚያወጣ የአባለዘር በሽታ ለኤች አይ ቪ በር ስለሚከፍት፣ ሁለቱን ለያይቶ ማጥናት አይቻልም ነበር።

በክትትሉ ዘመን ቫይረሱ የያዛቸው ጥቂት ሠራተኞች አልጠፉም። የእነርሱ ደም ከመያዛቸው በፊት ተቆጥሮ ስለ ነበር በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከመያዝ በፊት የነበረው ቁጥር ዝቅተኛ መሆኑ የበሽታውን ግስጋሴ አላፋጠነም።

በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ጀመረ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ለማስጀመር ሐኪሞች በዋነኛነት ይመለከቱት የነበረው የሲዲ ፎር ቁጥር ከ200 መውረዱን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል፤ ቆጠራው ዛሬ የሚያገለግለው በሽታው የጠናበትን ሰው ለመለየት ነው።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ «የሰው አገር ቁና» የተባለው ምንድን ነው?
2. ጤነኞቹ ሠራተኞች ደማቸውን ደጋግመው ባይሰጡ ኖሮ የትኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ነበር?
3. «ተመናመነ»፣ «ረገበ»፣ «ግስጋሴ» የሚሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።