የምርት ንድፍን በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ ማከናወን፦ ከሁለት አውሮፕላኖች ንድፍ የሚገኝ ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የምርት ንድፍ ሂደት የሚዘገይበትንና ወጪው የሚንርበትን ምክንያት መርምሮ፣ ሂደቱን ለማፋጠን የሚያስችሉ ሁለት ስልቶችን ማነጻጸር ነው። ለንጽጽሩ የተመረጡት በሰው ጉልበት የሚበረው ጎሳመር ኮንዶርና የመንገደኞች አውሮፕላኑ ቦይንግ 777 ናቸው። ንጽጽሩ እንደሚያሳየው ፍጥነት የሚገኘው ባለሙያን በማጣደፍ ሳይሆን ስሕተት የሚታወቅበትን ጊዜ በማቅረብና ከስሕተት ለመማር የሚከፈለውን ዋጋ በመቀነስ ነው። ከሁለቱ ስልቶች የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ንድፍ አውጪው ገና ያላወቀው ነገር ዓይነት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የምርት ንድፍ፣ ናሙና፣ የሙከራ ዑደት፣ ድጋሚ ሥራ፣ ትይዩ ምሕንድስና

1. መግቢያ

አንድ ምርት ከሐሳብ ተነሥቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ በበርካታ ደረጃዎች ያልፋል። በየደረጃው ስሕተት ማጋጠሙ አይቀርም፤ የሚለያየው ስሕተቱን ለማረም የሚከፈለው ዋጋ ነው። በንድፍ ወረቀት ላይ የተደረሰበት የመጠን ስሕተት በጥቂት ደቂቃዎች ይታረማል። ይኸው ስሕተት የማምረቻው ሞልድ ከተቀረጸ በኋላ ሲገኝ ሞልዱን እስከ መጣል ያደርሳል። ምርቱ ከተሸጠ በኋላ ሲገኝ ደግሞ ምርቱን ከገዢዎች መሰብሰብን፣ ካሣ መክፈልንና የገበያ አመኔታ ማጣትን ያስከትላል።

በተለመደው የቅደም ተከተል አሠራር ንድፍ አውጪው ሥራውን ጨርሶ ለምርት ክፍል ያስረክባል፤ የምርት ክፍሉ ሊሠራ የማይችል ነገር ሲያገኝ መልሶ ይልከዋል። የጥገና ባለሙያውና ተጠቃሚው ሐሳባቸውን የሚሰጡት ከሁሉም በኋላ ነው። በዚህ አሠራር ብዙው ጊዜ የሚባክነው በመንደፍ ሳይሆን የተነደፈውን እንደገና በመንደፍ፣ ማለትም በድጋሚ ሥራ ነው።

ሌላው የመዘግየት ምንጭ የሙከራ ዑደት ርዝመት ነው። የሙከራ ዑደት ሲባል አንድ ግምት ወደ ናሙና ተለውጦ፣ ተፈትኖ፣ ውጤቱም በቀጣዩ ንድፍ ላይ እስኪንጸባረቅ ያለው ጊዜ ነው። አንድ ዑደት 20 ቀናት የሚፈጅ ከሆነ በ120 ቀናት ውስጥ 6 ጊዜ ብቻ መማር ይቻላል። ዑደቱ ወደ 2 ቀናት ቢያጥር በዚያው ጊዜ 60 ጊዜ መማር ይቻላል። የባለሙያዎቹ ችሎታም ሆነ ቁጥር ሳይለወጥ የሚያካብቱት ዕውቀት በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ከዚህ በታች የሚቀርቡት ሁለት ሥራዎች እነዚህን ሁለት የመዘግየት ምንጮች በየፊናቸው የፈቱ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ጎሳመር ኮንዶር፦ ስሕተትን ማርከስ

ብሪታንያዊው ባለኢንዱስትሪ ሄንሪ ክሬመር በ1959 በሰው ጉልበት ብቻ ለሚበር አውሮፕላን የ5,000 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። አውሮፕላኑ በ800 ሜትር ገደማ ተራርቀው በቆሙ ሁለት ምልክቶች ዙሪያ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ሠርቶ መብረር፣ በመነሻውና በመድረሻው ላይም ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ከፍታ መያዝ ነበረበት። ሽልማቱ በ1973 ወደ 50,000 ፓውንድ ከፍ ቢልም እስከ 1977 ድረስ አሸናፊ አልተገኘም።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበረው ፓፊን በሃትፊልድ ከተማ በዴ ሃቪላንድ ኩባንያ ባለሙያዎች የተሠራ ሲሆን በ1962 በቀጥታ መስመር ከ900 ሜትር በላይ በርሯል። አካሉ በዋናነት ከባልሳና ከስፕሩስ እንጨት በከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ፓፊን በ1963 ወድቆ ተሰበረ፤ ተተኪው ፓፊን 2 የበረረው ግን በ1965 ነው። በሌላ አነጋገር ከአንድ ውድቀት ተምሮ ቀጣዩን ሙከራ ለማድረግ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ጉድለቱ የባለሙያ ዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ናሙናው እንዲሰበር የማይፈለግ ውድ ዕቃ መሆኑ ነበር።

አሜሪካዊው የበረራ መሐንዲስ ፖል ማክሪዲ በ1976 ወደ ውድድሩ የገባው ለዘመዱ ዋስ ሆኖ በተሸከመው 100,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ምክንያት ነው፤ የሽልማቱ ገንዘብ በወቅቱ ምንዛሬ ከዕዳው ጋር ይቀራረብ ነበር። ማክሪዲ ክብደት ሳይጨመር የክንፉ ስፋት ቢጨምር ለመብረር የሚያስፈልገው ፍጥነትና ጉልበት እንደሚቀንስ አሰላ። ከዚህ ስሌት የተገኘው አውሮፕላን የክንፉ ርዝመት 29 ሜትር ገደማ፣ ባዶ ክብደቱ 32 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። የተሠራው ከቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከሽቦ፣ ከካርቶንና ማይላር ከሚባል ስስ ፕላስቲክ ነው።

ለንድፍ ጥናት ዋናው ቁም ነገር የቁሳቁሱ ምርጫ በሙከራ ዑደቱ ላይ ያስከተለው ለውጥ ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ በብስክሌት ፍጥነት ስለሚበር ውድቀቱ ለአብራሪው አደገኛ አልነበረም። የተሰበረ ቱቦ በሌላ ቱቦ ይደገፋል፤ የተቀደደ ፕላስቲክ በፕላስተር ይለጠፋል። አብዛኛው ብልሽት በአጭር ጊዜ ስለሚጠገን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎችን ማድረግ ተቻለ። እጅግ አስቸጋሪ የነበረው የመታጠፍ ችግርም የተፈታው ክንፉን በሽቦ በመጠምዘዝ ነው። ይህ መፍትሔ በስሌት ብቻ የተገኘ አልነበረም፤ ተደጋጋሚ በረራን የጠየቀ ነበር። ነሐሴ 23 ቀን 1977 በካሊፎርኒያ ሻፍተር አካባቢ ብራያን አለን የተባለው ብስክሌተኛ ኮንዶርን አብርሮ ሽልማቱን አስገኘ።

3. ቦይንግ 777፦ ስሕተትን አስቀድሞ ማግኘት

በጥቅምት 1990 ሥራው የተጀመረው ቦይንግ 777 ከኮንዶር ጋር የሚያመሳስለው ነገር ያለ አይመስልም። ከ3 ሚሊዮን በላይ ክፍሎች ያሉት አውሮፕላን እየተሰበረና እየተጠገነ ሊነደፍ አይችልም። የዚህ ዓይነት ምርት ዋና ችግርም አውሮፕላኑ ይበር ይሆን የሚለው ሳይሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች በተናጠል የነደፏቸው ክፍሎች ይገጥሙ ይሆን የሚለው ነው። ቧንቧው ሽቦ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ሊያርፍ፣ ለቡሎን የተተወው ቀዳዳም ሊዛነፍ ይችላል። ቀደም ሲል ይህ ይመረመር የነበረው ሙሉ መጠን ያለው አምሳያ በመሥራት ነው፤ አምሳያው ራሱ ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ ስሕተቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነበር።

777 ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተነደፈ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ነው። ካቲያ በተባለው ሶፍትዌር እያንዳንዱ ክፍል በባለ3 አውታረ መጠን ተነድፎ ብረት ሳይቆረጥ በኮምፒዩተር ላይ ይገጣጠም ነበር። የአሠራሩን አስተማማኝነት ለማረጋገጥ የአፍንጫው ክፍል አምሳያ ተሠርቶ ውጤቱ አጥጋቢ በመሆኑ ሌሎቹ አምሳያዎች እንዲቀሩ ተወሰነ።

ሶፍትዌሩ ብቻውን ግን ለውጡን አላመጣም። ሥራው ከ200 ለሚበልጡ የንድፍና የግንባታ ቡድኖች ተከፋፍሎ በየቡድኑ ንድፍ አውጪዎች፣ የምርት ባለሙያዎችና ሌሎች የሚመለከታቸው ሙያተኞች በአንድነት ተመደቡ። አየር መንገዶችም ገና ከጅምሩ በምክክሩ ተሳተፉ። በቅደም ተከተሉ አሠራር በመጨረሻ ይመጣ የነበረው ተቃውሞ በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ መጣ። ትይዩ ምሕንድስና የሚባለው አሠራር ፍሬ ነገር ይኸው ነው። አውሮፕላኑ ሰኔ 12 ቀን 1994 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በሰኔ 1995ም መደበኛ አገልግሎት ጀመረ።

ሆኖም የኮምፒዩተር ንድፍ የአካላዊ ሙከራን ቦታ ሙሉ በሙሉ አልተካም። በጥር 1995 ክንፉ እስኪሰበር ድረስ ተፈትኖ በአገልግሎት ላይ ሊያጋጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጭነት 154 በመቶ ሲደርስ ተሰብሯል፤ የሚጠበቅበት 150 በመቶ ነበር። ስሌቱ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ክንፉ ሲሰበር ነው።

4. ንጽጽርና ትንተና

ሁለቱ ሥራዎች የተለያየ ዓይነት ድንቁርናን የተጋፈጡ ናቸው። የኮንዶር ንድፍ አውጪዎች ያላወቁት የምርቱን ጠባይ ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅና ቀላል ክንፍ በአየር ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚነግራቸው አልነበረም። የማይታወቀው ጠባይ ሲሆን መፍትሔው ብዙና ርካሽ ሙከራ ነው። የ777 ንድፍ አውጪዎች በአንጻሩ የበረራን ሕግ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ያስቸግራቸው የነበረው የክፍሎችና የሰዎች መናበብ ነው። የማይታወቀው መናበብ ሲሆን መፍትሔው የጋራ ንድፍና ቀደምት ምክክር ነው።

ስልቶቹን ማቀያየር ኪሳራ ያስከትላል። ጠባዩ ያልታወቀን ምርት በኮምፒዩተር ላይ ለወራት ማስዋብ የተሳሳተን ግምት በጥሩ ሥዕል መደበቅ ነው። የመግጠም ችግር ያለበትን ምርት ደግሞ በተደጋጋሚ ናሙና ለመፍታት መሞከር ኮምፒዩተር በአንድ ቀን የሚያሳየውን በብዙ ብረት መግዛት ነው።

5. ለአገር ውስጥ ምርምር ያለው አንድምታ

የአንድ ተመራቂ ተማሪ በጀት ለአንድ ናሙና ብቻ የሚበቃ ከሆነና ናሙናው የሚፈተነው በጥናቱ ማብቂያ ላይ ከሆነ፣ የሚገኘው ስሕተት ለጥናቱ መደምደሚያ እንጂ ለቀጣዩ ንድፍ ግብዓት አይሆንም። ይህን ለማስቀረት የሚከተሉት ሦስት ተግባራት ይጠቅማሉ።

ሀ) የማይታወቀውን መለየት። ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ በሚነደፍበት ጊዜ ዋናው ጥያቄ እሳቱ በምጣዱ ላይ እኩል ይዳረስ እንደሆነና ጋጋሪዋ በምቾት ትጠቀምበት እንደሆነ ነው፤ ይህ የጠባይ ጥያቄ ነው። የጤፍ መውቂያ ማሽን ዘንግ፣ ኩሽኔታና ቺንጋ በተለያዩ ወርክሾፖች የሚሠሩ ወይም የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የመናበብ ነው።

ለ) ናሙናውን በጥያቄው ልክ መሥራት። የምድጃውን የእሳት መግቢያ ስፋት ለመወሰን ያለቀለት ምርት አያስፈልግም፤ ከጭቃና ከጡብ የተሠራ፣ በዕለቱ የሚፈርስና የሚስተካከል ናሙና ይበቃል። ማገዶው እየተመዘነ፣ የእንጀራው አበሳሰል እየታየ በአንድ ሳምንት በርካታ ስፋቶችን ማነጻጸር ይቻላል። ውዱ ብረት የሚገዛው ልኩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ሐ) ተቃዋሚውን ቀድሞ መጥራት። በያጁ፣ ጠጋኙና ተጠቃሚዋ ንድፉን ሳያልቅ ቢያዩት «ይህ መገጣጠሚያ የብየዳ እጅ አያስገባም» የሚለው አስተያየት የሚያስከፍለው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ይሆናል።

የርካሽ ሙከራ ስልት ግን ወሰን አለው። የእንፋሎት ግፊት፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም የሰው ሕይወት በሚነካበት ቦታ ስሕተት ርካሽ ሊሆን አይችልም። ኮንዶር በነጻነት ሊወድቅ የቻለው ከመሬት ብዙ ሳይርቅ በዝግታ ስለሚበር ነው።

6. ማጠቃለያ

የምርት ንድፍን ለማፋጠን ቀነ ገደብን ማሳጠር በቂ አይደለም፤ ዑደቱ ሳይለወጥ ቀነ ገደቡ ብቻ ቢያጥር የሚቀነሰው የመማሪያው ጊዜ ነው። በጎሳመር ኮንዶር ስሕተት ረከሰ፤ በቦይንግ 777 ስሕተት ቀደም ብሎ ታየ። በሁለቱም ዘንድ ጊዜና ገንዘብ የተቆጠበው ስሕተትን በመፍራት ሳይሆን ስሕተት የሚገኝበትን ቦታ በመምረጥ ነው። በጀቱ ውስን የሆነ ተመራማሪም የመጀመሪያውን ናሙና ከመሥራቱ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ናሙና ቢሰበር ምን ያህል ያስከፍላል፣ ምንስ ያስተምራል የሚለው ነው።